ሙቀቱ ከየት መጣ?
ለጀመዓው የቀረበ ንግግር



ውድ ወንድሞችና እኅቶች፤ ይህ ጽሑፍ አንድ ሐሙስ ምሽት ከመግሪብ ሶላት በኋላ በግቢያችን ዳስ ውስጥ ያደረግሁት ንግግር ነው። የመጽሔቱ ኮሚቴ ጽፌ እንዳስረክብ ባሳሰበኝ ጊዜ ጥቂት ቦታ ላይ ከማስተካከል በቀር እንደተናገርሁት ትቼዋለሁ። ስታነቡት ከፊታችሁ ቆሜ የማወራ ቢመስላችሁ ነገሩም እንደዚያው ነው። የዓመተ ምሕረቱን ነገር አስቀድሜ ልናገር፤ የውጭውን ዓለም ጉዳይ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የአገራችንን በራሳችን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ፤ እንዳይምታታ «ዓ.ም.» ያልሁበት የኛው ነው።

ነገሩን ከቡና ላይ ልጀምር። በ1445 ዓመተ ሒጅራ፣ በጁን 2024 ማለት ነው፣ ሐጅ አድርገው የተመለሱ አንዲት የሰፈራችን እናት ዘንድ ለእንኳን ደህና ገቡ ሄደን ነበር። ደስታቸው እንዳለ ሆኖ ያዩትን ሙቀት ሲናገሩ ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ጁን 17 ቀን በሐረም መስጊድ የተለካው ሙቀት በጥላ ሥር 51.8 ዲግሪ ደርሶ ነበር። በዚያ ሐጅ 1,301 ሰዎች መሞታቸውን የሳዑዲ መንግሥት ራሱ አስታውቋል። ከአምስቱ ሟቾች ከአራት የሚበልጡት ፈቃድ ያልነበራቸው ሑጃጆች ናቸው፤ ማለትም የሚያርፉበት የቀዘቀዘ ድንኳን የሌላቸው፣ ያን ሁሉ መንገድ በፀሐይ በእግራቸው የሄዱ ድሆች። አላህ ይዘንላቸው።

እኔም የሳይንስ አስተማሪ ነበርሁና ስለ አየር ንብረት ለውጥ ቁጥር መደርደር ጀመርሁ። ሐጃ ግን አቋረጡኝና፣ «ልጄ፣ መካ ድሮስ ሙቅ አልነበረችም እንዴ? አያቶቻችን በእግርና በግመል ሲሄዱም በረሃ ነበር። አዲሱ ነገር ምኑ ነው?» አሉኝ። ያን ቀን በቅጡ አልመለስሁላቸውም። ሦስተኛው ቡና ቀረበ፣ ወሬው ወደ ሌላ ዞረ። ጥያቄው ግን አልለቀቀኝም፤ ትክክለኛ ጥያቄ ነውና። ዛሬ የምናገረው ሁሉ ለእርሳቸው የዘገየ መልስ ነው።

በረሃው አዲስ አይደለም። አዲሱ በበረሃው ላይ የተጨመረው ነው። የመካን የ40 ዓመት የሙቀት መዝገብ ያገላበጡ ተመራማሪዎች ሙቀቱ በየ10 ዓመቱ 0.4 ዲግሪ ያህል እየጨመረ መምጣቱን አግኝተዋል። 0.4 ዲግሪ ሲባል ምንም አይመስልም። ነገር ግን የሰው ገላ በላብ ራሱን የሚያቀዘቅዝበት አቅም ወሰን አለው፤ ወሰኑ ጫፍ ላይ ለቆመ ሽማግሌ አንዲት እርምጃ ትበቃዋለች። የምድራችን አማካይ ሙቀትም ፋብሪካ ከመስፋፋቱ በፊት ከነበረው ጋር ሲነጻጸር በ2024 ከ1.5 ዲግሪ በላይ ከፍ ብሎ ነበር፤ መለካት ከተጀመረ ወዲህ እንደዚያ የሞቀ ዓመት አልታየም።

እንግዲህ ይህ ጭማሪ ከየት መጣ? ሌሊት ጋቢ ለብሳችሁ ስትተኙ ጋቢው በራሱ እሳት የለውም። የሚያሞቃችሁ የገዛ ገላችሁ ሙቀት ነው፤ ጋቢው ሙቀቱ ቶሎ እንዳይወጣ ይይዝላችኋል። ምድርም እንዲሁ ናት። ቀን የፀሐይ ብርሃን አየሩን ዘልቆ መሬቱን ያሞቃል፤ መሬቱ ደግሞ ቀንም ሌሊትም ያን ሙቀት በዓይን በማይታይ ጨረር ወደ ሰማይ ይመልሳል። አየራችን ከመቶ 99 እጁ ናይትሮጅንና ኦክስጅን ነው፤ እነዚህ ሁለቱ ጨረሩን ሳይነኩ ያሳልፉታል። ጨረሩን የሚይዙት በጣም ጥቂት የሆኑት ሌሎቹ ናቸው፤ የውሃ ተን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ሜቴን፣ ናይትረስ ኦክሳይድ። ሙቀት አማቂ ጋዞች የሚባሉት እነርሱ ናቸው። እነዚህ ባይኖሩ ኖሮ የምድር አማካይ ሙቀት ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ያህል ይሆን ነበር፤ በረዶ እንጂ ጤፍ የሚበቅልባት ምድር አትሆንም። ስለዚህ ጋቢው በራሱ ጸጋ ነው። ችግሩ ሰው የተኛው በአንድ ጋቢ ሳለ ማንም ሳይጠይቀው ሁለተኛ መደረቡ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። አንዳንድ ወጣቶቻችን «ይህ ፈረንጅ እኛ እንዳናድግ ያመጣው አዲስ ወሬ ነው» ይላሉ። ወሬው አዲስ አይደለም። ዩኒስ ፉት የምትባል አሜሪካዊት በ1856 ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሞላበትን የመስታወት ዕቃ ፀሐይ ላይ አስቀምጣ ከሌላው አየር ይበልጥ እንደሚሞቅ አሳየች። ጆን ቲንዳል የተባለው ሊቅ በ1859 የትኛው ጋዝ ጨረር እንደሚይዝ፣ የትኛው እንደማይዝ በመሣሪያ ለካ። ስዊድናዊው ስቫንት አሬኒየስ ደግሞ ወራት የፈጀ ስሌት በእጁ ጽፎ፣ በአየር ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እጥፍ ቢሆን ምድር በ5 ወይም በ6 ዲግሪ እንደምትሞቅ በ1896 አሳተመ። የዛሬዎቹ ግምታቸው 3 ዲግሪ ገደማ ነው፤ አባባ አሬኒየስ ትንሽ አበዛው እንጂ መንገዱን አልሳተም። 1896 ምን ዓመት እንደሆነ ታውቃላችሁ? የዓድዋ ጦርነት የተደረገበት ዓመት ነው። ያኔ የእኛን ፋብሪካ ለማዘግየት ብሎ የሚቀምር ፈረንጅ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የመጣው መለካት ነው። ቻርልስ ኪሊንግ የሚባል ሰው በ1958 በፓሲፊክ ውቅያኖስ መካከል ሃዋይ ደሴት ላይ፣ ማውና ሎዋ በተባለ ተራራ፣ ከከተማ ጭስ ርቆ አየሩን መለካት ጀመረ። ከአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣት 315ቱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበሩ። እርሱ ካለፈ በኋላም ልኬቱ ቀጥሏል፤ በ2024 አማካዩ 424 ደረሰ። ከዚያ በፊት የነበረውን ደግሞ የአንታርክቲካ በረዶ ይዞልናል። በረዶው በየዓመቱ ሲጋገር የየዘመኑን አየር በትናንሽ አረፋ እየቋጠረ ቀብሮታል። ተቆፍሮ ሲወጣ ያለፉት 800,000 ዓመታት አየር ተነበበ፤ በዚያ ሁሉ ዘመን ቁጥሩ ከ180 እስከ 300 ባለው መካከል ሲወጣና ሲወርድ ኖረ እንጂ 300ን አልፎ የሄደበት ጊዜ የለም። ፋብሪካ ሊስፋፋ ሲል 280 ገደማ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለውን መውጣት እናንተው ቀንሱና ድረሱበት።

«መጨመሩስ ይጨምር፤ የሰው ሥራ መሆኑን በምን አወቃችሁ?» የሚል አይጠፋም። በኅዳር 2018 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ ባሕር ሲሻገር ያያችሁ ሁሉ «ይኸው ተፈጥሮ ራሷ ትጨስ የለም እንዴ» ማለታችሁ አይቀርም። እኔንም ጠይቃችሁኛል። የዓለም እሳተ ገሞራዎች ሁሉ ተደምረው በዓመት የሚያወጡት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሰው ከሚያወጣው ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም።

ዋናው ማስረጃ ግን ሌላ ነው። እስቲ እቁብ አስቡ። ሰው፣ ከብት፣ ዛፍና አፈር በካርቦን እቁብ ይጣጣላሉ። ዛፉ ከአየር ይወስዳል፤ ቅጠሉ ሲረግፍና ሲበሰብስ፣ ከብቱ ሲበላው፣ እኛ ስንተነፍስ ይመለሳል። ገንዘቡ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል እንጂ ድምሩ አይጨምርም። የድንጋይ ከሰል፣ ነዳጅና የተፈጥሮ ጋዝ ግን በሚሊዮን ከሚቆጠር ዓመት በፊት ተቀብሮ ከእቁቡ የወጣ ካርቦን ነው። ያን ቆፍሮ አውጥቶ ማቃጠል የተቀበረ ሣንቲም አምጥቶ ገበያው ላይ እንደመበተን ነው፤ የሚዞረው ይበዛል።

የተቀበረው ሣንቲም ደግሞ ምልክት አለው። በሕያዋን ውስጥ ካርቦን 14 የሚባል ዓይነት ጥቂት ይገኛል፤ ከላይ ከአየሩ ጫፍ ይፈጠራል፣ በየ5,730 ዓመቱ ግማሹ ይጠፋል። ከሰልና ነዳጅ ከተቀበሩ እጅግ ስለቆዩ አንድም አልቀራቸው። ሃንስ ዙስ የተባለ ሊቅ በ1955 የዛፍ ቀለበቶችን መርምሮ ካርቦን 14 የሌለው ካርቦን በአየሩ ውስጥ መቀላቀሉን አሳየ። ከባሕር የመጣ ቢሆን ምልክቱ ሌላ ይሆን ነበር። በዚያ ላይ ኦክስጅኑም ማቃጠል በሚያስከትለው መጠን በጥቂት በጥቂቱ ሲቀንስ ተለክቷል።

ፀሐይ ናት የሚልም አለ። የፀሐይ ኃይል ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሳተላይት ይለካል፤ ከፍ አላለም። ፀሐይ ብትሆን ኖሮ ላይኛውም ታችኛውም አየር በአንድነት ይሞቁ ነበር። የታየው ግን የታችኛው ሲሞቅ የላይኛው መቀዝቀዙ ነው። ጋቢ ሲደረብ ከውስጥ ይሞቃል፤ ከጋቢው ውጭ ያለው ግን የሚደርሰው ሙቀት ይቀንሳል። ሱኩሮ ማናቤ የተባለ ጃፓናዊ ተወላጅ ይህ እንደሚሆን በ1967 በስሌት ተንብዮ ነበር፤ በ2021 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። በዚያው በ2021 የመንግሥታቱ የአየር ንብረት ለውጥ ጉባኤ ሊቃውንት ሰው አየሩን፣ ባሕሩንና የብሱን ማሞቁ አያጠራጥርም ብለው ጻፉ። እነዚህ ሰዎች «አያጠራጥርም» የምትለውን ቃል በቀላሉ አይጽፉም፤ ጽሑፋቸውን ያነበበ ያውቃል።

አሁን ወደ መጠኑ ልምጣ። አንድ ሊትር ናፍጣ ሚዛን ላይ ብታስቀምጡት ከአንድ ኪሎ ያንሳል። ሲቃጠል የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን 2.7 ኪሎ ገደማ ነው። ክፍል ውስጥ ይህን ስናገር ተማሪዎቼ ሁልጊዜ ይስቁ ነበር፤ እንዴት ከአንድ ኪሎ ያነሰ ነገር ሁለት ኪሎ ተኩል ያልፋል? ነዳጁ ሲነድ ከአየሩ ኦክስጅን ይዞ ስለሚጣመር ነው፤ የክብደቱ ትልቁ ክፍል የኦክስጅኑ ነው። ዓለም ከነዳጅ፣ ከከሰል፣ ከተፈጥሮ ጋዝና ከሲሚንቶ በዓመት የሚያወጣው ወደ 37 ቢሊዮን ቶን ደርሷል። ከዚህ ውስጥ ግማሽ የሚሆነውን ዛፉና ባሕሩ ይወስዱልናል፤ ባሕሩም ስለወሰደው ጨዋነቱ ባይሆንም ጠባዩ ወደ አሲድነት እያዘነበለ ነው። የቀረው ግማሽ አየር ላይ ይቀመጣል፣ ብዙው ክፍልም ለመቶዎች ዓመታት ይቆያል።

ሜቴን ሌላ ነው። ከሚያመሰኩ ከብቶች ሆድ፣ ከቆሻሻ ክምር፣ ከሩዝ እርሻ፣ ከነዳጅ ጉድጓድ ይወጣል። በአየር ላይ የሚቆየው 12 ዓመት ያህል ብቻ ሲሆን በቆየበት ጊዜ ግን ኃይለኛ ነው፤ በ20 ዓመት ሲታሰብ አንድ ቶን ሜቴን ከ80 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ይስተካከላል። ናይትረስ ኦክሳይድ በብዛት የሚመጣው ከማዳበሪያ ነው፤ ዩሪያችን አፈሩ ከሚችለው በላይ ሲፈስ ማለት ነው።

ማን አወጣው? ይህን ሳልሸፋፍን እናገራለሁ። ከፋብሪካው ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ ነዳጅና ከሰል በማቃጠል ከወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሩብ ያህሉ የአሜሪካ ነው። አፍሪካ በሙሉ ተደምራ ከመቶ 3 እጅ ገደማ ናት። ዛሬ በየዓመቱ ከሁሉ የበለጠ የምታወጣው ቻይና ናት። በነፍስ ወከፍ ስናየው አንድ አሜሪካዊ በዓመት 14 ቶን ገደማ፣ አንድ የኳታር ነዋሪ ከ30 ቶን በላይ ሲደርሰው፣ አንድ ኢትዮጵያዊ ከነዳጅ የሚያወጣው 200 ኪሎ አይሞላም። ልጆቻችን በዶሃና በጅዳ የሚሠሩ ወላጆች ከመካከላችሁ ብዙ ናችሁ። ኳታር ከ2021 ጀምሮ ከጁን 1 እስከ ሴፕቴምበር 15 ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ውጭ ማሠራትን ከልክላለች፤ ሰው በሙቀት ይወድቅ ስለነበር ነው። ጋዙን ያወጣው አንዱ፣ ፀሐይ ላይ የሚቆመው ሌላው ነው። ይህ ግፍ ነው፤ በሌላ ስም ልጠራው አልችልም። በ2022 ሻርም አል ሼኽ ላይ ለተጎዱ አገሮች ካሣ መሳይ ፈንድ እንዲቋቋም ስምምነት ተደረሰ፤ ስምምነቱ አንድ ነገር ነው፣ የሚገባው ገንዘብ ግን ከጉዳቱ ጋር የሚመዛዘን አይደለም። የ2027ቱ የዓለም ጉባኤ በአዲስ አበባ እንዲካሄድ ተወስኗልና ያን ጊዜ ጥያቄው ከደጃችን ይነሣል።

ነገር ግን ወንድሞቼ፣ ይህን ብዬ ብቀመጥ ሁላችሁም ደስ ብሏችሁ ወደየቤታችሁ ትሄዱ ነበር። እኔም እፎይ እል ነበር። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው የሚከብደኝ።

እኛ ወሎዎች ድርቅን ከመጽሐፍ አላወቅነውም። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. የቀበርናቸውን የምናስታውስ እዚህ ተቀምጠናል። ከዚያ በፊት ደግሞ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ክፉ ቀን የተባለው ነበር፤ የከብት በሽታው፣ ድርቁ፣ አንበጣው ባንድ ላይ የመጣበት። ያኔ በአየር ላይ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከድሮው ብዙም አልራቀም። ስለዚህ ድርቅ ራሱ አሮጌ እንግዳ ነው። በ1977ም ሰው የጨረሰው የዝናቡ መቅረት ብቻ አልነበረም፤ ጦርነቱና የእርዳታው መዘግየት ነበረበት። ዛሬ የሚደርስብንን ሁሉ «የአየር ንብረት ለውጥ ነው» ብሎ መዝጋት ቀላል ሆኗል። ሹሙ ይለዋል፣ ገበሬው ይለዋል፣ የእኛም ኮሚቴ ይለዋል። አንዳንዴ እውነት ነው፣ አንዳንዴ መሸሸጊያ ነው። ልዩነቱን ካላወቅን የማይረባ መድኃኒት እንገዛለን።

እውነት የሆነበትን ልንገራችሁ። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ለአምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ቦረና፣ ሶማሌ ክልል፣ ሶማሊያና ሰሜን ምሥራቅ ኬንያ ደረቁ። በሚሊዮን የሚቆጠር ከብት አለቀ። በዚያ ጊዜ በፓሲፊክ ውቅያኖስ ላ ኒኛ የምትባለው ቅዝቃዜ ሦስት ዓመት ተከታትላ ነበር፤ እርሷ የተፈጥሮ ናት፣ ዝናብ ማስቀረቷም የታወቀ ነው። በ2023 ግን የተለያዩ አገሮች ሊቃውንት፣ ከመካከላቸውም የምሥራቅ አፍሪካ ሰዎች ያሉበት ቡድን፣ የሞቀችውን ዓለም ካልሞቀችው ጋር አነጻጽሮ መረመረ። ያገኙት፣ እንዲህ ያለ ድርቅ የመከሰት ዕድሉ በሰው ሠራሽ ሙቀት ምክንያት ቢያንስ 100 ጊዜ መብዛቱን ነው። ዋናው ምክንያት የዝናቡ ማነስ ብቻ አይደለም፤ ሙቀቱ ከመሬቱና ከቅጠሉ የሚመጠው እርጥበት መብዛቱ ነው። አየር በ1 ዲግሪ ሲሞቅ ሊሸከም የሚችለው ተን በ7 በመቶ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ በደረቅ ጊዜ ከአፈሩ ይበልጥ ይመጣል፤ ሲዘንብ ደግሞ የተሸከመውን ባንዴ ይደፋዋል። በዚያው አገር በ2023 መጨረሻ ጎርፍ መጥቶ ከድርቁ የተረፈውን ወሰደ።

መሸሸጊያ የሆነበትንም ልንገራችሁ። የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ደረቀ። ብዙ ሰው ጥፋቱን በአየሩ ላይ ጣለ። ነገር ግን ሐይቁ ለሐረር ከተማ ውሃ ይሳብ ነበር፣ ለጫትና ለአትክልት በሞተር ይሳብ ነበር፣ ከተራቆተው ተዳፋት የሚወርደው ደለል ይሞላው ነበር። ሙቀቱ አልረዳውም፤ የገደለው ግን በዋናነት የአካባቢው ሰው እጅ ነው። ከዓመታት በኋላ ውሃ ተመልሶበታል፤ ዓለም በዚያ መካከል አልቀዘቀዘችም።

አሁን ወደ ራሳችን ጉድጓድ እመጣለሁ። የመስጊዳችን የውዱእ ጉድጓድ አባቶቻችን የቆፈሩት ነው። እነሆ በየዓመቱ ሚያዝያና ግንቦት ሲገባ ይደርቃል። በኮሚቴው ስብሰባ ላይ «የአየር ንብረት ለውጥ ነው፤ በጥልቀት አስቆፍረን የናፍጣ ሞተር እንግዛ» ተባለ። ለዚህም መዋጮ ሊጀመር ነው። እኔ ወርጄ ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ከግቢያችን በታች የአትክልት ማሳ ላይ 11 የውሃ ሞተር ቆጥሬያለሁ፤ ልጅ ሳለሁ አንድም አልነበረም። ከበላያችን ያለው ተዳፋት ዝናቡን የሚይዝ ቁጥቋጦ አልቀረበትም። የምንጩ ራስ ላይ ደግሞ የባሕር ዛፍ ደን ቆሟል። ያን ባሕር ዛፍ ማን እንደተከለው ታውቃላችሁ? እኔ ነኝ። በ1975 ዓ.ም. ጀማሪ መምህር ሳለሁ ተማሪዎቼን አሰልፌ፣ እያዘመርሁ፣ ከምንጩ ራስ ላይ አስተከልሁ። ባሕር ዛፍ ለማገዶና ለቤት ውለታው ብዙ ነው፤ በምንጭ ራስ ላይ ግን የሚመጠው ውሃ ቀላል አይደለም። ያኔ የሚነግረኝ አልነበረም፤ ቢነግሩኝም የምሰማ አይመስለኝም፤ ችግኝ መትከል በራሱ ጽድቅ ነው ብዬ ነበርና።

ስለዚህ ጉድጓዳችን እስካሁን የደረቀው በአብዛኛው በእጃችን ነው። ወደፊት ደግሞ ሙቀቱ ይጨመርበታል። ጠለቅ ብለን ብንቆፍርና ሞተር ብንገዛ፣ በታች ያሉት ጎረቤቶቻችን የእኛን አይተው ይበልጥ ይቆፍራሉ፤ እኛም ለውዱእ ናፍጣ እያቃጠልን ያንኑ ጋቢ እንደርባለን።

አገራችን የምታወጣው ጋዝ ጥቂት ቢሆንም ባዶ አይደለም። መንግሥት በ2011 ባወጣው የአረንጓዴ ልማት ሰነድ የ2010ሩን ልቀት ወደ 150 ሚሊዮን ቶን አድርጎ ገምቶታል፤ ከዚህ ውስጥ ከ85 በመቶ በላይ የሚሆነው ከፋብሪካ ሳይሆን ከእርሻ፣ ከከብትና ከደን መመንጠር የሚመጣ ነው። 70 ሚሊዮን የሚጠጋ የቀንድ ከብት አለን። ከብታችሁን ሽጡ የምል ሰው አይደለሁም፤ አምስት ከሲታ ከምናረባ ሁለት በደንብ የበሉ ብናረባ ወተቱም ጋዙም ይስተካከላል፣ ይህን የእርሻ ባለሙያዎች ከእኔ በተሻለ ይነግሯችኋል። ኤሌክትሪካችን በአብዛኛው ከውሃ ነው፤ በ2024 የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ የተከለከለውም ከዚህ ጋር ይያያዛል። የቀረን ምድጃው ነው። ለሰደቃና ለመውሊድ ስናበስል በሦስት ጉልቻ የምናነደው እንጨት ስንት እንደሆነ ከእናቶች በቀር የሚያውቅ የለም። ምርጥ የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ከጉልቻው ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን ወደ ግማሽ ያወርደዋል። እንጨቱ ተተክቶ ከበቀለ እቁቡ ውስጥ ይዞራል፤ ካልተተካ ግን እንደ ከሰሉ ሁሉ አየር ላይ ይቀራል። ከጋዙም በፊት የጭሱ ነገር አለ፤ የእናቶቻችንን ዓይንና ሳምባ እዩ።

ያን ምሽት ያቀረብሁት ሐሳብ ስለ ጣሪያችን ነው። የመስጊዱ ቆርቆሮ 20 ሜትር በ18 ሜትር ነው፤ 360 ካሬ ሜትር። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ አንድ ሊትር ነው። በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር ዘነበ ብንል 360,000 ሊትር ይወርዳል፤ አምስተኛው ባከነ ብንል እንኳ 288,000 ይቀራል። ለአንድ ሰው ውዱእ 3 ሊትር ብናስብ 96,000 ውዱእ ነው። ይህ ሁሉ ዛሬ በጓሮው በኩል ወርዶ የጎረቤታችንን ግድግዳ ይቦረቡራል፤ ስንት ጊዜ ተከስሰንበታል።

አንድ ወንድም ወዲያው ተነሥቶ፣ «ዝናቡ የሚመጣው በሐምሌና በነሐሴ፣ ጉድጓዱም ሞልቶ ሳለ ነው፤ እስከ ግንቦት በምን ታቆየዋለህ?» አለኝ። ልክ ነው። ሁለት 10,000 ሊትር ሮቶ ብንገዛ የአንድ ወር እንኳ አይሆንም። ስለዚህ ከሮቶው የሚተርፈውን ከጉድጓዱ በላይ ባለው ሜዳ በጠጠር የተሞላ ጉድጓድ ውስጥ እናስርገው፤ መሬቱ ራሱ ሮቶ ይሁንልን። ከምንጩ ራስ ያለውን ባሕር ዛፍ ደግሞ የመስጊዱን አጥር ለማደስ በየተራ እየቆረጥን በዋንዛና በወይራ እንተካው። የመጀመሪያውን መጥረቢያ እኔ እይዛለሁ ብያለሁ፤ ጉልበቴ ካልከዳኝ።

በማግስቱ ቆርቆሮ ሠሪው መጥቶ ለካ። በሁለቱ ወገን 40 ሜትር አሸንዳ ይፈልጋል፤ በጓሮው በኩል ያለው የጣሪያ ጠርዝ ስለበሰበሰ አስቀድሞ መጠገን አለበት ብሏል። ዋጋውን ቅዳሜ ይነግረናል። ሐጃም ንግግሩን ከሴቶች በኩል ሆነው ሰምተው ኖሮ፣ በልጅ ልጃቸው እጅ መልእክት ላኩብኝ፤ «የመካው ገብቶኛል። አሸንዳው ከክረምቱ በፊት ይሰቀላል ወይስ አይሰቀልም?»